ርዕሰ አንቀጽ፦ ፈፋው የማን ነው? እኛስ የማን ነን?



ባለፈው ክረምት ከዳቦ ቤቱ በታች ያለችውን የእንጨት መሸጋገሪያ ጎርፍ እንደወሰዳት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድልድይ ብለን ስንጠራት ኖርን እንጂ አራት ጣውላና አንድ መደገፊያ ብቻ ነበረች። ይሁን እንጂ ከወዲያ ማዶ ያሉ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ከወዲህ ያለነው ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ የምንሻገረው በእርሷ ነበር። በመሆኑም ማኅበራችን ሳይውል ሳያድር ሦስት ሰዎች መርጦ ወደ ወረዳ ላከ።

የተላኩት ሰዎች ይዘው የተመለሱት መልስ ይህ ነው። «የእኛ ክልል እስከ ፈፋው ጠርዝ ድረስ ነው፤ ፈፋው የማዶዎቹ ነው።» እሺ ብለው ወደ ማዶው ወረዳ ሄዱ። እዚያም የተቀበሏቸው ኃላፊ ወንበር ስበው በትሕትና ካስቀመጧቸው በኋላ «የእኛ ክልል እኮ እስከ ፈፋው ጠርዝ ነው» አሏቸው። እንግዲህ ሁለቱም ጠርዞች ባለቤት አላቸው፤ መኻሉ ግን የማንም አይደለም ማለት ነው። ውኃው የሚወርደው፣ ቆሻሻው የሚጠራቀመውና ሰው የሚወድቀው ግን መኻሉ ላይ ነው።

የሁለቱን ወረዳዎች ቁጥር እዚህ አንጽፍም። ከማንም ጋር ጠብ የለንም፤ ደግሞም ከሠራተኞቹ መኻል ጎርፉ በመጣ ማግስት እሑድ ቀን ቦቲ ጫማውን አጥልቆ መጥቶ አብሮን ድንጋይ የተሸከመ አለ፤ ውለታው አይረሳም። ግን እርሱም ቢሆን ከማኅተሙ አልፎ ምን ያድርግ? መልሱን ስንጠባበቅ ወር አለፈ። አንድ የሰፈራችን ልጅ በድንጋይ ላይ ሲዘል አዳልጦት ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ነው ከእድሩ ገንዘብ ወጪ አድርገን፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመን ጣውላ የመታንበት። ዛሬ የምትሻገሩባት ይህችው ናት። ለሚመጣው ክረምት ትቆይ አትቆይ እግዜር ይወቅ።

ነገሩ በጣውላ ያለቀ መስሎን ነበር፤ አላለቀም። በየስብሰባው «ይህን መስመር ማን አሰመረው? ሲሰመርስ ማን ተጠየቀ? አሁንስ ማንን ነው የምንጠይቀው?» የሚለው ጥያቄ እየተነሣ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ትተን ስለ ወሰንና ስለ ምርጫ ለመጻፍ ተገደናል። ረዘም ይላልና ቆማችሁ ስለምታነቡ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዕድሜ የጠገቡት ነዋሪዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ አብሮ ተወለደ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን የሚያስተዳድረውና ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌው ሆነ፤ ገንዘቡም ለዚያው ለሰፈሩ ሥራ እንዲውል ታሰበ። በ1969 በአዋጅ ቁጥር 104 ድርጅቱ ሰፍቶ ቀበሌ፣ ከፍተኛ፣ ከተማ ተብሎ በሦስት እርከን ቆመ። አዲስ አበባም በ25 ከፍተኛ ተከፈለች።

የዚያን ጊዜውን ቀበሌ ልናወድስ አይደለም፤ ማንም እንዳይመስለው። ቀበሌ ሲባል አንዱ የሚያስታውሰው የስኳሩንና የዘይቱን ሰልፍ ነው። ሌላው ደግሞ በ1969 እና በ1970 ሌሊት በሩ ሲንኳኳ የሰማውን ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያልተመለሰ ልጅ ያላቸው እናቶች ዛሬም መኻላችን አሉ። ይህ ተረስቶ «ድሮ ጥሩ ነበር» አይባልም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፈፋው፣ ሁለቱም ጠርዞቹና ድልድይዋ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነበሩ። ክፉም ይሁን ደግ የሚጠየቀው ሊቀመንበር አንድ ነበር፤ ቤቱም ይታወቃል።

ከ1983 በኋላ «ከፍተኛ» የሚለው ቀረና «ወረዳ» ተባለ፤ ከተማይቱም በ28 ወረዳ ተደለደለች። በ1995 ደግሞ ወረዳዎቹ ፈርሰው 10 ክፍለ ከተማ መጣ፤ ከ300 በላይ የነበሩት ቀበሌዎችም እየተጨፈለቁ 99 ሆኑ። ሰፈራችን ለሁለት የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ 2003 ገደማ «ቀበሌ» የሚለው ስም ከማኅተም ላይ ወርዶ በ«ወረዳ» ተተካ፤ ቁጥራቸውም 116 ደረሰ። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ።

ልብ በሉ፤ «ወረዳ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም ይዟል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወረዳ ማለት ከ28ቱ አንዱ፣ ትልቁ ነገር ነበር። ዛሬ ወረዳ ማለት ትንሹ፣ የድሮው ቀበሌ ወራሽ ነው። አባት «ወረዳ 5» ሲል ልጅ «ወረዳ 5» ሲል የሚያወሩት ስለ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። ከአፋችን ግን ቀበሌ አልወጣም። መታወቂያ ለማደስ የምንሄደው ዛሬም «ቀበሌ» ነው፤ የምንኖርበትም «የቀበሌ ቤት» ነው። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እንኳ ዛሬም በከፍተኛው ቁጥር የሚጠራ አለ። ሰው የለመደውን ስም የሚይዘው አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ አዲሱን እስኪለምድ ድረስ ሌላ አዲስ ይመጣበታል።

ታዲያ ስም ቢለወጥ፣ ቁጥር ቢለወጥ ምን ቸገረን የሚል አይጠፋም። አንድ ምሳሌ እንንገረው። ከታች መንደር የሚኖሩ አንዲት እናታችን ከ30 ዓመት በላይ የኖሩበትን የቀበሌ ቤት ውል ለማደስ ሄዱ። ማኅደራቸው የለም ተባሉ፤ «ወሰኑ ሲቀየር ወደ ማዶ ተልኳል» ተባሉ። ማዶ ሲሄዱ «አልደረሰንም» ተባሉ። እኚህ ሴት የኪራይ ደረሰኞቻቸውን ከድሮው ቀበሌ ጀምሮ በጨርቅ ቋጥረው በሣጥን ባያስቀምጡ ኖሮ ዛሬ የት ነበሩ? ማኅደሩ የተገኘው ከአምስት ወር መመላለስ በኋላ ነው። ካርታ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር የእኚህን እናት ጉልበት ጨርሷል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን እናንሣ። የአስተዳደር ወሰንና የምርጫ ክልል አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138። ሰኔ 14 ቀን 2013 የመረጥንባቸው የምርጫ ክልሎች የሚጠሩት በዚያው በድሮዎቹ 28 ወረዳዎች ቁጥር ነበር፤ አንዳንዱም ሁለት ቁጥር ተጣምሮበታል። እንግዲህ መታወቂያችሁ ላይ አንድ ቁጥር፣ የመራጭነት ካርዳችሁ ላይ ሌላ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ ስሕተት አይደለም። መታወቂያው የሚናገረው አሁን ስላለው ወረዳ ሲሆን ካርዱ ደግሞ ከፈረሰ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው ወረዳ ነው። ባለፈው ጊዜ በዚሁ ምክንያት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው የተንከራተቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ማኅበራችንም አስቀድሞ ሳያስረዳ በመቅረቱ ጥፋቱ የራሱም ጭምር ነው።

የምርጫ ክልል መስመር እንዲሁ ለዘላለም የሚቆም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ እንዲቆጠር፣ በውጤቱም መሠረት የምርጫ ክልሎች ወሰን በምርጫ ቦርድ አቅራቢነት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰን ያዛል። አዲስ አበባን በ1999 የተደረገው ቆጠራ ሲያገኛት ነዋሪዋ ከ2 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011ም እንደገና ተላለፈ። ከ1999 ወዲህ ደግሞ ይህች ከተማ ምን ያህል እንደ ተገላበጠች ከእኛ በላይ ምስክር የለም። ሰንጋ ተራ ፈረሰ፤ ከአራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ፈረሰ፤ በ2016 ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ባዶ ሜዳ ወይም እርሻ የነበረው ሁሉ የኮንዶሚኒየም ከተማ ሆነ። ሰው ከመኻል ወደ ዳር ተጓጓዘ፤ የምርጫው መስመር ግን አብሮት አልተጓጓዘም። ሰው በወጣበት ክልል የቀሩት ጥቂቶች የሚመርጡትና ሰው በሞላበት ክልል ያሉት ብዙዎች የሚመርጡት ድምፅ እኩል ይመዝናል ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ከእኛም ሰፈር የሄዱ አሉ። በየወሩ ለእድር ክፍያና ለለቅሶ ከአራብሳ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡትን ታውቋቸዋላችሁ። እድራቸው እዚህ ነው፤ ድምፃቸው ግን እዚያ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃልና፣ የሄዱት ወገኖቻችን «ልቤ ያለው የድሮ ሰፈሬ ነው» ብለው እዚህ መጥተው እንዲመዘገቡ አንመክርም። በሄዱበት ይመዝገቡ፤ እዚያ ያለው ችግር ከዚህ ያላነሰ ነውና ድምፃቸው እዚያ ይፈለጋል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ስለ ፈፋው የሚጠየቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አይደለም፤ 138 አባል ያለው የከተማው ምክር ቤትም ስለ አራት ጣውላ አይቀመጥም። ይህ የወረዳ ምክር ቤት ሥራ ነው። ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠነው መቼ ነው?

ሚያዝያ 2005 ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን ሲያልቅ በ2010 ሌላ ምርጫ መደረግ ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2011 እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 እስከ ምሽት ተሰልፈን የመረጥነው ለሕዝብ ተወካዮችና ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ለወረዳ የሚሆን ወረቀት በዚያን ቀን አልነበረም። በ2005 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ በ2013 ዕድሜው 18 ሞልቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ፤ የወረዳ ድምፅ መስጫ ወረቀት ምን እንደሚመስል ግን አላየም። ያኔ የተመረጡትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሰፈር ለቀዋል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ቀብረናቸዋል፤ ነፍስ ይማር። ወንበራቸው ላይ ማን እንደ ተቀመጠ ከመኻላችን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ ብለን ባለፈው ስብሰባ ጠይቀን ነበር። አንድም እጅ አልወጣም።

ምርጫ በመደረጉ ብቻ ነገር ይቃናል ማለታችንም አይደለም። በ2000 ሚያዝያ በተደረገው ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ15 ወደ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ሦስት መቶ ሰው! እንዴ፣ ለአንድ ቀበሌ? ያኔ «ሕዝቡ በብዛት ይሳተፋል» ተባለ። እኛ እንዳየነው ግን 300 ሰው ኃላፊ የሆነበት ነገር ማንም ኃላፊ የማይሆንበት ነው። መራጩም የሚመርጣቸውን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ተመራጩም «እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» ይላል። የእድራችን ኮሚቴ ሰባት ሰው ነው፤ ድንኳን ቢቀደድ ማን እንደሚጠየቅ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ለወረዳም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አንፈልግም፦ ጥቂት፣ የሚታወቅ፣ በሩ የሚንኳኳ ሰው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዲኖረው ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ግን ያልመረጥነውን በምን እናነሣዋለን? ስሙን የማናውቀውንስ?

ስለ ወሰኑ በራሳችን መኻል የተነሣውን ክርክርም አንደብቅም። ግማሾቻችን «ጤና ጣቢያው ያለው በላይኛው ወረዳ ነውና ሁላችንም ወደ ላይ እንጠቃለል» አሉ። ታች መንደር ያሉት ደግሞ «እኛ ወደ ላይ ብንሄድ ዳር ሆነን እንቀራለን፤ ይልቅ እናንተ ወደ ታች ውረዱ» አሉ። ክርክሩ ከሮ ድምፅ ከፍ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎች ባይገቡ ኖሮ ለአንድ መስመር ብለን ቡና መጠራራት እናቆም ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበትን እነሆ እንላለን።

ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ለማኅበራችን ለውጥ የለውም። የምንጠይቀው ፈፋው ከነሁለት ጠርዞቹ በአንድ ወረዳ ሥር እንዲሆን ነው። ለካርታ ሠሪ ወንዝና ፈፋ ምቹ ድንበር ነው፤ ከላይ ሲያየው መስመሩ ተሰምሮ ይጠብቀዋልና። ለነዋሪ ግን ፈፋ የሚያዋስን ሳይሆን የሚያገናኝ ነገር ነው። ከላይ የተጣለ ቆሻሻ ታች ይደፍናል፤ ታች ሲደፈን ውኃው ሁለቱንም ዳር ይበላል። የጋራ ችግር ባለበት ቦታ ላይ ወሰን ማስመር ችግሩን ያለ ባለቤት ማስቀረት ነው። ወሰን ካስፈለገ በአስፋልቱ ላይ ይሁን፤ አስፋልት ጎርፍ ሆኖ ቤታችን አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ከዚህ በኋላ ወሰን ሲቀየር አስቀድሞ እንዲነገረንና እንድንጠየቅ ነው። እስካሁን መቀየሩን የምናውቀው አዲስ ታርጋ በራችን ላይ ሲመታ ወይም መታወቂያ ልናድስ ሄደን «እዚህ አይደለም» ስንባል ነው። ማኅደሮች ሲዛወሩም ዝርዝራቸው በሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች ይለጠፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀትና ማጣበቂያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የወረዳ ምክር ቤት በየዘመኑ በነዋሪው ድምፅ እንዲታደስ ነው። ይህን የምንጠይቀው ለየትኛውም ፓርቲ ወግነን አይደለም። በማኅበራችን ውስጥ የየፓርቲው ደጋፊ አለ፤ ምንም የማይደግፍም አለ። ይህ ሰሌዳ ማንን ምረጡ ብሎ አያውቅም፤ ወደፊትም አይልም። የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት በሰሌዳው ላይ የሚለጥፉ ወጣቶችም ካሉ ከዚህ በኋላ እንዳይለጥፉ በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን፤ ባለፈው የለቅሶ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ሰው ቀብር ቀርቶበታል።

«ምን ዋጋ አለው፣ ደብዳቤ ስንጽፍ ይኸው ስንት ዓመት» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ልክ ናቸው፤ ብዙ ጽፈናል። ነገር ግን እስካሁን የጻፍነው አንዴ ለአንዱ ወረዳ፣ አንዴ ለሌላው ነበር። እያንዳንዱም ወደ ማዶ ሲያመለክተን ዝም ብለን እንሻገር ነበር። አሁን አንድ ደብዳቤ ለሁለቱም ወረዳዎች በአንድ ቀን እንሰጣለን። ግልባጩን ለክፍለ ከተማውና ለከተማው ምክር ቤት እናደርሳለን፤ የደረሰበትንም የመዝገብ ቁጥር እዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። መልስ ከመጣ መልሱን፣ ካልመጣም ያልመጣበትን ቀን ብዛት በየሳምንቱ እንጽፋለን።

ለዚህ እንዲረዳ የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሆነችው የሰፈራችን ልጅ ቤት ለቤት ዞራ የሣለችው ካርታ ከዚህ ወረቀት በስተቀኝ ተለጥፏል። ሰማያዊው ፈፋው ነው፤ ቀዩ የዛሬው የወረዳ ወሰን ነው፤ ነጠብጣቡ ሽማግሌዎች እንዳስታወሱት የድሮው ቀበሌ ወሰን ነው። ቤታችሁን ፈልጉ። የተሳሳተ ካለ በእርሳስ አርሙ፤ በእስክርቢቶ አትጻፉበት።

የፊርማ መዝገቡ በእድሩ ገንዘብ ያዥ ቤት ይገኛል። አዲሱንም ድሮውንም የቤት ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መፈረም የማይችል ጣቱን ያሳርፋል። መሄድ ላቃታቸው አረጋውያን መዝገቡን ወጣቶች ይዘው ቤታቸው ድረስ ይመጣሉ። ደብዳቤው የሚነበበውና የሚጸድቀው በፊታችን እሑድ ከጧቱ 4 ሰዓት በእድሩ ግቢ ነው። ከማዶም ከወዲህም የሆናችሁ ሁላችሁ ኑ። ወንበር ስለማይበቃ የምትችሉ ዱካ ይዛችሁ ኑ፤ በመሸጋገሪያዋ ላይም ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተሻገሩ፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አትችልም።